ካምቢዮው ከመውረዱ በፊት፦ የቶርክ ኮንቨርተር መቆለፊያ ፍሪሲዮን ምርመራ

ከአዲስ አበባ ተነስቶ ጅማ እስኪገባ ከወትሮው በላይ ነዳጅ የፈጀ፣ በዝርግ መንገድ በ80 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ሲሄድ ሞተሩ ያለ አግባብ የሚጮህ፣ ወይም ነዳጅ በስሱ ሲሰጡት ኮብልስቶን ላይ የወጣ ያህል የሚንቀጠቀጥ አውቶማቲክ መኪና ጋራዥ ሲገባ ብዙ ጊዜ የሚሰማው ፍርድ «ካምቢዮው ሄዷል» የሚል ነው። ከዚህ ፍርድ በኋላ ካምቢዮው ይወርዳል፤ ባለንብረቱም ያገለገለ ካምቢዮ ፍለጋ አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ይደውላል። ይሁንና እነዚህ ምልክቶች ከቶርክ ኮንቨርተሩ መቆለፊያ ፍሪሲዮን ጋር ብቻ የተያያዙ ሊሆኑ ይችላሉ። ፍሪሲዮኑ ራሱ ጤነኛ ሆኖ ሳለ እንዲቆልፍ ያልታዘዘበት ምክንያት ደግሞ ከካምቢዮው ውጭ፣ በአንዲት አነስተኛ ዕቃ ላይ ሊገኝ ይችላል። ከዚህ በታች የቀረበው ቅደም ተከተል ጥፋቱ የት እንዳለ ካምቢዮውን ሳያወርዱ ለመለየት የሚያስችል ነው።

መጀመሪያ አሠራሩን መረዳት ያስፈልጋል። አውቶማቲክ ካምቢዮ ባለው መኪና ውስጥ ሞተሩንና ካምቢዮውን የሚያገናኛቸው በቶርክ ኮንቨርተሩ ውስጥ ያለው ዘይት ነው። ከሞተሩ ጋር የሚዞረው ክፍል ዘይቱን ይወረውራል፤ ከካምቢዮው ጋር የተያያዘው ተርባይን ደግሞ የውሃ ወፍጮ በሚወርድበት ውሃ ኃይል እንደሚዞር ሁሉ በተወረወረው ዘይት ይዞራል። በመካከላቸው ያለው ስታተር የሚመለሰውን ዘይት አቅጣጫ እያስያዘ፣ መኪናው ከቆመበት ሲነሳ የሞተሩን ጉልበት እስከ ሁለት እጥፍ ገደማ ያበዛል። የዚህ አሠራር ጉድለቱ ተርባይኑ ሁልጊዜ ከሞተሩ ጥቂት ዙር ወደ ኋላ መቅረቱ ሲሆን፣ የጠፋው ዙር ዘይቱን ከማሞቅ በስተቀር ለምንም አይውልም። ስለዚህ መኪናው ፍጥነት ከያዘ በኋላ ሁለቱን ወገኖች በቀጥታ አጣብቆ አንድ ላይ የሚያዞር ፍሪሲዮን በኮንቨርተሩ ውስጥ ተጨመረ። ሐሳቡ አዲስ አይደለም፤ ፓካርድ እ.ኤ.አ. በ1949 ባወጣው ካምቢዮ ላይ ሠርቶበታል፣ ክራይስለርም በ1978 ሞዴሎቹ ወደ ሰፊው ገበያ አምጥቶታል። ዛሬ በጅማ ጎዳናዎች ላይ የምናያቸው አውቶማቲክ ቪትዞች፣ ያሪሶችና ኮሮላዎች ይህ መቆለፊያ አላቸው፤ ቶርክ ኮንቨርተር ያላቸው ሲቪቲ (ቋሚ ማርሽ የሌላቸው) ካምቢዮዎችም እንዲሁ።

መቼ እንደሚቆለፍ የሚወስነው ኮምፒውተሩ ነው። ትእዛዙን የሚሰጠው ሞተሩ በቂ ሙቀት ሲኖረው፣ መኪናው በከፍተኛ ማርሽ ላይ ሆኖ ፍጥነት ሲይዝ፣ ነዳጅ አሰጣጡ ሲረጋና ፍሬን ሳይረገጥ ሲቀር ነው። በሞዴሎች መካከል ሰፊ ልዩነት ቢኖርም፣ አራት ማርሽ ባላቸው መኪኖች ላይ ብዙውን ጊዜ በ60 እና በ80 ኪሎ ሜትር ፍጥነት መካከል ይቆለፋል። ሲቆለፍ የሞተሩ ዙር ማርሽ ሳይቀየር ከ200 እስከ 400 ያህል ዝቅ ይላል። አራት ማርሽ ያለውን መኪና «አምስተኛ አለው» ብለው የሚከራከሩ አሽከርካሪዎች የሚሰማቸው ይህ ነው፤ ስሜታቸው ትክክል ነው፣ ስሙን ብቻ ነው የሳቱት።

እንግዲህ ምርመራው ሁሉ በሁለት ጥያቄዎች ላይ ይቆማል። ኮምፒውተሩ «ቆልፍ» ብሎ አዝዟል ወይስ አላዘዘም? ካዘዘስ ፍሪሲዮኑ ታዟል ወይስ አልታዘዘም? የመጀመሪያው ጥያቄ ሳይመለስ ወደ ሁለተኛው መዝለል ጤነኛ ካምቢዮ ማስፈታት ነው።

ትእዛዙን የሚከለክሉ ነገሮች

በእኛ አካባቢ ከሁሉም በፊት መታየት ያለበት ቴርሞስታት፣ ማለትም ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃው ወደ ራዲያተሩ እንዳይሄድ የሚያግደው ዕቃ፣ ነው። መኪና በሞቀ ቁጥር ቴርሞስታቱን አውጥቶ የመጣል ልማድ በጋራዦቻችን ውስጥ ሥር ሰዷል፤ ያገለገለ መኪና የገዛ ሰውም ቴርሞስታቱ መኖር አለመኖሩን አያውቅም። ጅማ ከባሕር ጠለል በላይ 1,780 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የምትገኝና ዝናብ የማይለያት ከተማ በመሆኗ፣ በክረምት ጠዋት ቴርሞስታት የሌለው ሞተር ረጅም መንገድ ሲሄድ ከሚያስፈልገው ሙቀት በታች ሊቆይ ይችላል። ኮምፒውተሩ እንደ ሞዴሉ ከ50 እስከ 70 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያለውን የሞተር ውሃ ሙቀት ሳያይ እንዲቆለፍ አያዝም፤ በአንዳንድ መኪኖች ላይ የመጨረሻውን ማርሽም ይከለክላል። በአንድ ወቅት ካምቢዮው በሌላ ቦታ ሁለት ጊዜ ተፈትቶ የተገጠመ ኮሮላ ደርሶኝ ያገኘሁት ጥፋት የቴርሞስታቱ ቤት ባዶ መሆኑን ብቻ ነበር። ይህን ለማጣራት ሞተሩ በደንብ ቀዝቅዞ ካደረ በኋላ ያስነሱትና ወደ ራዲያተሩ አናት የሚሄደውን ጎማ በእጅዎ ይያዙ። ቴርሞስታት ካለና ከሠራ ጎማው ለጥቂት ደቂቃዎች ቀዝቃዛ ሆኖ ይቆይና ውሃው 80 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ በአንድ ጊዜ ይሞቃል። ከመጀመሪያው ጀምሮ ቀስ በቀስ እየሞቀ ከመጣ ግን ቴርሞስታቱ የለም ወይም ተከፍቶ ቀርቷል። እጅዎ ከቬንትሌተሩ የራቀ መሆኑን ያረጋግጡ።

ሁለተኛው የፍሬን መብራት ማብሪያ ነው። ኮምፒውተሩ ፍሬን እንደተረገጠ ካመነ ኮንቨርተሩን አይቆልፍም። ማብሪያው ከቦታው ከተንሸራተተ ወይም ውስጡ ከተጣበቀ፣ እግርዎን ሳያሳርፉ ፍሬን የረገጡ ይመስለዋል። ሲመሽ መኪናውን ጀርባውን ለግድግዳ ሰጥተው ያቁሙና ቀዩ ብርሃን ፔዳሉ ሲለቀቅ ፈጽሞ መጥፋቱን ይመልከቱ። በብዙ መኪኖች ማብሪያው ሁለት መስመር ስላለው መብራቱ በትክክል መሥራቱ ብቻውን በቂ ማስረጃ አይሆንም፤ የኮምፒውተሩን መረጃ የሚያነብ ስካነር ካለ የፍሬን ማብሪያውን ንባብ ፔዳሉን እየረገጡና እየለቀቁ ማየት ይሻላል።

ከዚያ የማርሽ ዘንጉ ላይ ያለው የኦቨርድራይቭ ቁልፍ አለ። ሳይታወቅ ተጭኖ በዳሽቦርዱ ላይ «ኦቨርድራይቭ ኦፍ» የሚለው መብራት ከበራ አራተኛ ማርሽም ሆነ በእርሱ ላይ የሚደረገው መቆለፍ አይኖርም። በቀደሙት የቶዮታ ሞዴሎች ይህ መብራት ቦግ እልም የሚል ከሆነ ቁልፉ ተጭኗል ማለት ሳይሆን ኮምፒውተሩ የመዘገበው ጥፋት አለ ማለት ነው።

ዘይቱ የሚናገረው

የካምቢዮ ዘይት መጠን የሚለካው በአብዛኞቹ የቶዮታ መኪኖች ዘይቱ ሞቆ፣ ሞተሩ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ) እየሠራ፣ መኪናው ዝርግ ቦታ ላይ ሆኖ ነው። ፍሬን ረግጠው ማርሹን በሁሉም ቦታዎች ካሳለፉ በኋላ ፓርክ ላይ ይመልሱና መለኪያውን ያውጡ፤ ዘይቱ «ሙቅ» በሚለው ክልል ውስጥ መገኘት አለበት። ሆንዳ ግን ሞተሩ ከጠፋ በኋላ ስለሚለካ የመኪናውን መመሪያ ማየት ግድ ይላል። መለኪያ ዘንግ የሌላቸው አዳዲስ ሞዴሎች ከሥር በሚከፈት መፍሰሻ በኩል፣ ዘይቱ በታዘዘው ሙቀት ላይ እያለ ነው የሚለኩት፤ ይህ በግምት የሚሠራ ሥራ አይደለም።

ጥቂት ጠብታ ነጭ ወረቀት ላይ ያንጠባጥቡ። ቀይ ወይም ቀላ ያለ ቡናማ ከሆነና ሽታው ካልተለወጠ ደህና ነው። ጥቁር ቡናማ ሆኖ የተቃጠለ ከሸተተ የሚንሸራተት ፍሪሲዮን አለ፤ የኮንቨርተሩ ይሁን የውስጥ ማርሾቹ ግን ከሽታው አይታወቅም። እንደ ወተት የገረጣ ሮዝ ቀለም ካዩ የራዲያተር ውሃ ከዘይቱ ጋር ተቀላቅሏል። የዘይቱ ማቀዝቀዣ በብዙ መኪኖች ላይ በራዲያተሩ ውስጥ ስለሆነ በመካከል ያለው ግድግዳ ሲበሳ ይህ ይደርሳል። ውሃ የፍሪሲዮኑን ሽፋን ከብረቱ የሚያጣብቀውን ሙጫ ስለሚያላቅቅ፣ እንዲህ ያለ መኪና አንድ ኪሎ ሜትርም ተጨማሪ መነዳት የለበትም።

የዘይቱ ዓይነትም ከመጠኑ አይተናነስም። ቲ-ፎር ለተባለው የቶዮታ ዘይት የተሠራ ካምቢዮ ውስጥ ዴክስሮን የተባለውን ሌላ ዓይነት ዘይት፣ ሲቪቲ ላይ ደግሞ ተራ የአውቶማቲክ ዘይት መጨመር፣ ፍሪሲዮኑ የሚይዝበትን ባሕርይ ይለውጣል። ቀይ ሁሉ አንድ አይደለም።

የመንገድ ሙከራ

ይህ ሙከራ በከተማ ውስጥ አይደረግም። በጅማ አጂፕ ወይም በጅማ መርካቶ በኩል በባጃጆች መካከል መኪናው የሚፈለገውን ፍጥነትም ሆነ የተረጋጋ ነዳጅ አያገኝም። ወደ አጋሮ የሚወስደው መንገድም ዳገትና ጥምዝ ስለሚበዛበት ኮምፒውተሩ ደጋግሞ መቆለፊያውን ስለሚያስለቅቅ ውጤቱን ያምታታል። የሚሻለው ወደ ሰርቦ የሚወስደው የአዲስ አበባ መንገድ ነው፤ ሰርቦ እስኪደርሱ ባለው 20 ኪሎ ሜትር ገደማ የካምቢዮው ዘይት በሚገባ ይሞቃል፣ አርቀው የሚያሳዩ ዝርግ ቦታዎችም አሉ። የገበያ ቀን ከሆነው ከሐሙስ ይቆጠቡ፤ እግረኛውና የጭነት እንስሳው ብዙ ነው። ከአጠገብዎ የዙር መቁጠሪያውን የሚያነብልዎ ሰው ያስቀምጡ።

አንድ ነገር አስቀድመው ይወቁ። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትር ከፍታ በግምት ከጉልበቱ 10 ከመቶ ያጣል። በጅማ ከፍታ አሽከርካሪው ይህን ለማካካስ ነዳጅ አብዝቶ ስለሚረግጥ፣ መቆለፉ መጽሐፉ ከሚለው ፍጥነት ዘግይቶ ሊመጣ ይችላል። ይህን መዘግየት እንደ ጥፋት አይቁጠሩት።

በ80 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ነዳጁን አርግተው ይንዱ። ከኋላዎ መኪና አለመኖሩን አረጋግጠው፣ ነዳጁን ሳይለቁ፣ በግራ እግርዎ ፍሬኑን መብራቱ እስኪበራ ያህል ብቻ ይንኩት፤ መኪናው ፍሬን መያዝ የለበትም። ኮንቨርተሩ ተቆልፎ ከነበረ ዙሩ ወዲያውኑ ከ200 እስከ 400 ከፍ ይላል፤ እግርዎን ካነሱ ከጥቂት ሰከንዶች በኋላም ይመለሳል። ይህን ካዩ ሁለቱም ጥያቄዎች ተመልሰዋል፦ ትእዛዙ አለ፣ ፍሪሲዮኑም ይይዛል፣ ይለቃል። ዙሩ ምንም ካልተንቀሳቀሰ ግን ወይ ከመጀመሪያው አልተቆለፈም፣ ወይም ተቆልፎ አልለቅ ብሏል። እነዚህን ለመለየት በዚያው ፍጥነት ነዳጁን በጥቂቱ ይጨምሩ። ያልተቆለፈ ከሆነ የዙሩ መርፌ ከመኪናው ቀድሞ ይወጣል፣ ፍጥነቱ ዘግይቶ ይከተላል። የተቆለፈ ከሆነ ዙሩና ፍጥነቱ እኩል ይጨምራሉ።

መንቀጥቀጥ ሲኖር

ከሁሉም የሚያሳስተው መንቀጥቀጥ ነው። ፍሪሲዮኑ ሲያረጅ ወይም ዘይቱ ባሕርዩን ሲያጣ፣ ሽፋኑ ይይዝና ያመልጣል፣ እንደገና ይይዝና ያመልጣል፤ አሽከርካሪው ከ60 እስከ 80 ኪሎ ሜትር ባለው ፍጥነት፣ ነዳጅ በስሱ ሲሰጥ፣ ለአንድ ወይም ሁለት ሰከንድ የሚቆይ ንዝረት ይሰማዋል። ፍሬኑን ሲነኩ ንዝረቱ ወዲያው ከጠፋ ጣት የሚቀሰረው ወደ ኮንቨርተሩ ነው። ነገር ግን እዚህ ላይ መቸኮል አይገባም። ኮንቨርተሩ ሲቆለፍ ዘይቱ ይሰጥ የነበረው ማለስለሻ ስለሚቀር፣ አንድ ሲሊንደር እሳቱን ሲስት የሚፈጠረው ንዝረት በቀጥታ ወደ ጎማ ይተላለፋል፤ ሲለቀቅ ደግሞ ይሸፈናል። የደከመ ካንዴላ ወይም የተሰነጠቀ ቦቢና የመቆለፊያ ፍሪሲዮን ሕመም መስሎ የሚቀርበው በዚህ ምክንያት ነው። እኔ የመንቀጥቀጥ ቅሬታ ሲመጣልኝ ካንዴላዎቹን ሳላይ ስለ ካምቢዮ አልናገርም።

ሁለቱን ለመለየት መንቀጥቀጡ በሚመጣበት የሞተር ዙር፣ በሦስተኛ ማርሽ፣ ሳይቆለፍ፣ ዳገት ላይ ጠንከር አድርገው ነዳጅ ይስጡ። ጫና ሲበዛ እዚያም የሚደናቀፍ ከሆነ ጥፋቱ ያለው ሞተሩ ላይ ነው። ስካነሩ እሳት መሳትን ከሚያመለክቱት ከፒ0300 እስከ ፒ0304 ካሉት የጥፋት ቁጥሮች አንዱን ካሳየም እንዲሁ። ነዳጅ ሲሰጡም ሲለቁም በተመሳሳይ ፍጥነት የሚቀጥልና ወደ መሪው የሚመጣ ንዝረት ከሆነ ግን የጎማ ባላንስ ጉዳይ ነው።

መንቀጥቀጡ የኮንቨርተሩ መሆኑ ከተረጋገጠ የመጀመሪያው ሕክምና ትክክለኛውን ዘይት መቀየር ነው። ከሥር ሲፈስ ከዘይቱ ከፊሉ በኮንቨርተሩ ውስጥ ይቀራል። ከጠቅላላው ከ10 እጅ 4ቱ ብቻ ቢወጣ እንኳን፣ በመካከሉ እየተነዳ ሦስት ጊዜ ሲደጋገም ከ10 እጅ 8ቱ ገደማ አዲስ ይሆናል። «ያረጀ ካምቢዮ ዘይቱ ከተነካ ይሞታል» የሚለው አባባል በከፊል እውነት አለው፤ ፍሪሲዮኖቹ አስቀድመው አልቀው በዘይቱ ውስጥ በተንሳፈፈው ፍርፋሪ ብቻ ይይዝ የነበረ ካምቢዮ አዲስ ዘይት ሲገባለት ሊንሸራተት ይችላል። ዘይቱ የተቃጠለ ካልሸተተ ግን ይህ ፍርሃት ከመቀየር ሊያግድዎ አይገባም።

አልለቅ ሲል

ኮንቨርተሩ ተቆልፎ ከቀረ መኪናው ሲቆም ሞተሩ ይጠፋል፤ ፍሪሲዮን ሳይረገጥ እንደቆመ ባለ እጅ ማርሽ መኪና ማለት ነው። አሽከርካሪው ማርሹን ኒውትራል ሲያደርግ ሞተሩ ከተረፈ ጥርጣሬው ይጠነክራል። መኪናው ቆሞ በኒውትራልም ሞተሩ በሚኒሞ የሚጠፋ ከሆነ ግን የካምቢዮ ነገር አይደለም። የመቆለፊያውን ሶሌኖይድ (ዘይቱን በኤሌክትሪክ ትእዛዝ የሚከፍትና የሚዘጋውን ዕቃ) ሽቦ ነቅለው በጥንቃቄ ይንዱ፤ መጥፋቱ ከቆመ ኮምፒውተሩ ወይም ሽቦው ያለ ቦታው ኤሌክትሪክ እየላከ ነው፣ ከቀጠለ ደግሞ ቫልቩ ተጣብቋል ወይም ኮንቨርተሩ ውስጥ ጉዳት አለ። ሁሉም ሶሌኖይዶች በአንድ ሶኬት የሚያልፉበት ካምቢዮ ላይ ሶኬቱን መንቀል ማርሾቹንም እንደሚያስቀር አይዘንጉ።

ስካነርና ቴስተር

ስካነሩ ከሚያሳያቸው የጥፋት ቁጥሮች ፒ0740 እና ፒ0743 የመቆለፊያውን መስመር የኤሌክትሪክ ጥፋት፣ ፒ0741 አልያዝ ማለቱን፣ ፒ0742 አልለቅ ማለቱን ያመለክታሉ። ቁጥሩ የተጠረጠረውን ሰፈር እንጂ ጥፋተኛውን አይናገርም። ከቁጥሩ ይልቅ የሚጠቅመው መኪናው እየሄደ የሚነበበው መረጃ ነው፦ የሞተሩን ዙር፣ የተርባይኑን ዙርና የመቆለፊያውን ትእዛዝ በአንድ ላይ ይክፈቱ። ትእዛዙ ሳይኖር ሞተሩ 2,250፣ ተርባይኑ 2,100 ቢያሳይ ልዩነቱ የተለመደ ነው። ሙሉ በሙሉ እንዲቆለፍ ታዝዞ ልዩነቱ ከ50 በታች ካልወረደ ግን ፍሪሲዮኑ እየተንሸራተተ ነው። ትእዛዙ ጨርሶ የማይመጣ ከሆነ ወደ ቴርሞስታቱና ወደ ፍሬን ማብሪያው ይመለሱ።

ትእዛዙ እየመጣ ካልተቆለፈ የሶሌኖይዱን ሬዚስታንስ ይለኩ። በብዙ የቶዮታ ካምቢዮዎች በ20 ዲግሪ ሙቀት፣ በመክፈትና በመዝጋት ብቻ የሚሠራው ዓይነት ከ11 እስከ 15 ኦም፣ ግፊትን ቀስ በቀስ የሚቆጣጠረው ዓይነት ደግሞ ከ5.0 እስከ 5.6 ኦም ያሳያል። ለመጀመሪያው 12 ቮልት ለአፍታ ሲሰጡት «ጠቅ» ማለት አለበት። ለሁለተኛው ባለ 21 ዋት አምፖል በመስመሩ ላይ ሳያስገቡ በቀጥታ ባትሪ አይስጡት፤ ይቃጠላል። ከመለካትዎ በፊት ግን ሶኬቱን ነቅለው ውስጡን ይመልከቱ። የጅማ ጭቃ መኪናን ወደ ላቫጆ ያመላልሳል፣ የላቫጆው ግፊት ያለው ውሃ ደግሞ ከሥር ወደ ሶኬቶቹ ይገባል። አረንጓዴ ዝገት ያወጣ የሶኬት ጥርስ ካዩ አጽድተው እንደገና ይሞክሩት።

ኮፓው ሲወርድ

ሽቦውም ሶሌኖይዱም ደህና ከሆኑ ኮፓውን፣ ማለትም ከካምቢዮው ሥር ያለውን የዘይት መያዣ፣ ያውርዱ። በማግኔቶቹ ላይ የተለጠፈ ስስ ግራጫ ዱቄት የዕድሜ ምልክት ነው፤ ጥቁር ቅርፊት ወይም የሚያብለጨልጭ የብረት ፍርፋሪ ከታየ ግን ውስጡ ተጎድቷል። ቫልቮቹ ያለ ተቃውሞ መንሸራተታቸው ከታየና ማርሾቹ ሁሉ በትክክል የሚቀያየሩ ከሆነ፣ የቀረው ተጠርጣሪ ኮንቨርተሩ ብቻ ነው፤ ካምቢዮው መውረድ ያለበትም አሁን ነው።

ኮንቨርተሩ በብየዳ የተዘጋ ስለሆነ በተራ ጋራዥ አይታደስም። ያገለገለ ሲገዙ የዘይት መግቢያውን አንገት ይዩ፣ ጭረት ካለበት የፖምፓውን ጎሚኒ ይበላል፤ ገልብጠው የሚወጣውን ዘይት በነጭ ጨርቅ ላይ ይመርምሩ፣ ጥቁር ቅርፊት ከወጣው ይመልሱት። ከመገጠሙ በፊት የማቀዝቀዣውን ቱቦዎች ያጥቡ፣ አለበለዚያ የቀድሞው ፍርፋሪ አዲሱን ይጎበኘዋል። ኮንቨርተሩን ንጹሕ ዘይት ጨምረው እያዞሩ ወደ ካምቢዮው ያስገቡት፤ በየደረጃው እየገባ የፖምፓውን ጥርስ እስኪይዝ ድረስ፣ የገባ ቢመስልዎም፣ ማዞሩን አያቁሙ። ሳይገባ በቡሎን ከተሳበ ፖምፓው ይሰበራል። ካምቢዮው ከሞተሩ ጋር ሲገጥም ኮንቨርተሩ በእጅ በነፃነት መዞር መቻሉን አረጋግጠው ቡሎኖቹን ያጥብቁ፤ ከዚያ ዘይቱን ሞልተው፣ ሰርቦ ደርሰው ሲመለሱ መጠኑን በሙቀቱ እንደገና ይለኩ።